የተማሪ ጤና ከትምህርት ቤት አጥር ባሻገር፦ የወላጆችና የማኅበረሰብ ድርሻ

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ይፋ ያደረገው ሪፖርት በዓለም የሕፃናት አመጋገብ ላይ ትልቅ ለውጥ መከሰቱን አመልክቷል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት መካከል ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 9.4 በመቶ ሲደርሱ፣ ክብደታቸው ከሚገባው በታች የሆነው ደግሞ 9.2 በመቶ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጀመሪያው አኃዝ 3 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ 13 በመቶ ይጠጋ ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሚዛኑ ተገልብጧል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከክብደት ማነስ ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ለውጥ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አልታየም። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮችና በደቡብ እስያ አሁንም የክብደት ማነስ ያይላል። በአንጻሩ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዚሁ የዕድሜ ክልል ከሚገኙት 21 በመቶ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለባቸው ሪፖርቱ ያሳያል፤ ይህም ከአሜሪካ ጋር ተመሳሳይ አኃዝ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩና ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለቱ አኃዞች የሩቅ ወሬ አይደሉም። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ተከፍለው በሚያድጉበት በዚህ ዘመን፣ የአንዱ ልጅ ፈተና ባዶ ሆድ፣ የሌላው ደግሞ የተትረፈረፈ ስኳር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ፈተናዎች የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ትምህርት ቤት ነው።

ሕፃናት ከቤታቸው ቀጥሎ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፉት በትምህርት ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጧቸው ስምንት ዓለም አቀፍ መስፈርቶች አንድ ትምህርት ቤት ጤናን የሚያጎለብት ነው ለመባል ምን ማሟላት እንዳለበት ይዘረዝራሉ። መስፈርቶቹ በመንግሥት ፖሊሲና ሀብት ይጀምሩና የትምህርት ቤቱን አመራር፣ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ማኅበራዊና ሥነ ልቦናዊ ሁኔታውን፣ ሕንፃውንና ግቢውን እንዲሁም የጤና አገልግሎቱን ይሸፍናሉ። ከስምንቱ አንዱ ግን ሙሉ በሙሉ የተሰጠው ለትምህርት ቤትና ለማኅበረሰብ አጋርነት ነው። የወላጅ ተሳትፎ እንደ በጎ ፈቃድ ጭማሪ ሳይሆን እንደ ንጹሕ ውኃና እንደ ብቁ መምህር ራሱን የቻለ መስፈርት ሆኖ መቀመጡ ትርጉም አለው። ምክንያቱም የትምህርት ቤት ደንብ የሚሠራው እስከ በሩ ድረስ ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሱቅ፣ ማለዳ የሚዘጋጀው ምሳ ዕቃ፣ ማታ የሚበላው እራትና የእንቅልፉ ሰዓት በወላጅና በአካባቢ እጅ ናቸው።

የአዲስ አበባ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባ አዲስ አይደለም። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ከ2012 ወዲህ ደግሞ እህሉ ከአካባቢው ገበሬዎች እንዲገዛ የሚያደርገው አሠራር በደቡብና በኦሮሚያ ተሞክሯል። የአዲስ አበባው መርሐ ግብር የሚለየው ከውጭ እርዳታ ይልቅ በከተማዋ በጀት ላይ መመሥረቱ ነው። ጅማሬው የበጎ አድራጎት ሥራ ነበር፤ ልጆች በረሃብ ምክንያት በክፍል ውስጥ እንደሚዝሉ መምህራን ሲናገሩ፣ በጎ ፈቃደኞች ለተወሰኑ ተማሪዎች ምግብ ማቅረብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማው አስተዳደር ኃላፊነቱን ተረክቦ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ በነፃ ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ700 ሺህ በላይ ሆኗል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሊጤን የሚገባው የአቅርቦቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ምግቡን የሚያበስለው ማን እንደሆነ ነው። ሥራው ለትልልቅ ድርጅቶች አልተሰጠም። በየአካባቢው የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች በማኅበር ተደራጅተው እንዲያበስሉ ተደረገ፤ በዚህም ከ10 ሺህ በላይ እናቶች የሥራ ዕድል አግኝተዋል። ውጤቱ ድርብ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲበላ ቤት ውስጥ የአንድ ሰው ቀለብ ይቀንሳል፤ እናቲቱም ገቢ ታገኛለች። ከዚህ ሌላ በቁጥር የማይለካ ጥቅም አለ። የሰፈሩን ልጅ በስሙ የምታውቅ እናት የምታበስለው ወጥ ቀጠነ ወይም እንጀራው ሻገተ ቢባል፣ ወቀሳው የሚደርሳት ከጎረቤቷ ነው። ይህ ቅርበት ከየትኛውም የቁጥጥር ቅጽ በፊት ይደርሳል።

ተሞክሮው ግን እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። የምግብ ዋጋ በናረ ቁጥር ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ገንዘብ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያኔ ተመኑ ካልተስተካከለ በቅድሚያ ከሳህኑ የሚቀነሰው አትክልት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ ይሆናል። ሆድ መሙላትና መመገብም አንድ አይደሉም። በ2019 በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ በ2000 ከነበረው 58 በመቶ አንጻር ትልቅ መሻሻል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ ከዚያ ትውልድ የመጡ ናቸው። ለእነርሱ የትምህርት ቤት ምግብ የሆድ ማስታገሻ ብቻ ሳይሆን ብረትን፣ ፕሮቲንንና ቫይታሚንን የሚተካ መሆን ይኖርበታል።

ከዋና ከተማዋ ርቆ በሚገኘው ገጠር ደግሞ የወላጆች ድርሻ ሌላ መልክ አለው። በየትምህርት ቤቱ የሚቋቋመው የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመኅ) አጥር ያሳጥራል፣ መማሪያ ክፍል ያሠራል፣ መጸዳጃ ቤት ያስቆፍራል። ምገባ ባለበት ቦታ እንጨትና ውኃ የሚያቀርቡት፣ ማዕድ ቤት የሚሠሩት ወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው አገር አቀፍ የሆድ ትላትል መድኃኒት እደላ በትምህርት ቤቶች አማካይነት ሚሊዮኖችን ሊያዳርስ የቻለውም፣ ወላጆች ልጆቻቸው ክኒኑን እንዲውጡ በመፍቀዳቸው ነው። ይህ የመተባበር ባህል ከደቦና ከእድር የተወረሰ ትልቅ ሀብት ነው።

ሆኖም ሀብቱ ሸክምም ሊሆን ይችላል። መዋጮው በስም የፈቃድ፣ በተግባር ግን የግዴታ በሚሆንበት ጊዜ፣ መክፈል ያቃተው ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስቀር ይችላል። እንጨትና ውኃ የማቅረቡ ሥራም በአመዛኙ በእናቶችና በሴት ልጆች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ማኅበረሰቡ ተሳተፈ ሲባል የተሳተፈው ማን እንደሆነ፣ የወሰነውስ ማን እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉልበቱን ሰጥቶ ድምፁን ያላሰማ ወላጅ ተሳታፊ ሳይሆን ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሠራተኛ ነው።

ወላጅ እንደ ተቆጣጣሪ

በዚህ ረገድ የብራዚል ልምድ ትምህርት ይሰጣል። ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችን የሚመግበው የአገሪቱ መርሐ ግብር በየማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ቤት ምግብ ምክር ቤት እንዲኖር በሕግ ይጠይቃል። በምክር ቤቱ ውስጥ የመንግሥት፣ የመምህራንና የተማሪዎች፣ የሲቪል ማኅበራት እንዲሁም የወላጆች ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ የሒሳብ ሰነዱን ይመረምራሉ፣ የምግቡን ጥራት ይከታተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት ከሚመደበው የምግብ በጀት ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ለሚገዛ ምርት እንዲውል ደንግጎ ነበር። በዚህ ሥርዓት ወላጅ ምስጋና ወይም ቅሬታ ይዞ በር የሚያንኳኳ እንግዳ አይደለም፤ በሕግ የተሰጠው ወንበር አለው።

ከሜክሲኮ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ነው። አገሪቱ ከዚህ ቀደም ያወጣቻቸው መመሪያዎች በአግባቡ ሳይፈጸሙ በመቅረታቸው፣ ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለስላሳ መጠጦችንና ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛባቸውን የታሸጉ ምግቦች በትምህርት ቤት መሸጥን በቅጣት አስደግፋ ከልክላለች። ይሁንና በግቢው ውስጥ የተከለከለው ሸቀጥ ከበሩ ውጭ ባለው መንገድ ላይ ገዥ መፈለጉ አይቀርም። ይህ ፈተና ለአዲስ አበባም፣ ለሪያድም፣ ለአቡ ዳቢም የተለየ አይደለም። የሽያጭ ክልከላ የሚጸናው ልጁ በኪሱ የያዘውን ሳንቲም የሰጠው ወላጅ በሐሳቡ ሲስማማ ነው።

የአምስተርዳም ከተማ ተሞክሮ ለስደተኛ ቤተሰቦች የበለጠ ይቀርባል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ በጀመረችው መርሐ ግብር ትምህርት ቤቶች ለልጆች ከውኃና ከወተት በስተቀር ሌላ መጠጥ እንዳይመጣ አደረጉ፤ የጤና ባለሙያዎችም የቱርክ፣ የሞሮኮና የሱሪናም ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ወደሚበዙባቸው ሰፈሮች ወርደው ከእናቶችና ከሃይማኖት መሪዎች ጋር ተነጋገሩ። ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ልጆች ድርሻ ከ21 ወደ 18.5 በመቶ ዝቅ ብሏል። በአንድ ጊዜ ብዙ እርምጃዎች ስለተወሰዱ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መናገር ይከብዳል፤ ነገር ግን ምክሩ በቤተሰቡ ቋንቋና በቤተሰቡ ማዕድ ላይ ተመሥርቶ መሰጠቱ ለመደመጥ እንደረዳው መገመት አያዳግትም።

በባሕረ ሰላጤው፦ ደንቡና ምሳ ዕቃው

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጉዳዩን በሕግ መያዝ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2017 በለስላሳ መጠጦች ላይ 50 በመቶ፣ በኃይል ሰጪ መጠጦች ላይ 100 በመቶ የኤክሳይስ ታክስ ጣሉ፤ በ2019 መጨረሻ ታክሱ ወደ ሌሎች የጣፈጡ መጠጦች ተስፋፋ። ኤምሬቶች ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ታክሱ በየ100 ሚሊ ሊትሩ ባለው የስኳር መጠን እንዲሰላ ወስናለች፤ ይህም አምራቾች ስኳር እንዲቀንሱ የሚገፋፋ ነው። የአቡ ዳቢ የትምህርትና ዕውቀት መምሪያም በ2024/25 የትምህርት ዘመን ሥራ ላይ ባዋላቸው ፖሊሲዎች ውስጥ ጤናማ አመጋገብንና የምግብ ደኅንነትን የሚመለከት ይገኝበታል፤ በትምህርት ሰዓት ተማሪዎች ከውጭ ምግብ እንዳያስመጡም ተከልክሏል።

ደንቡ ካንቲኑን ይቆጣጠራል። ከቤት የሚመጣው ምሳ ዕቃ ግን በዋነኝነት የወላጅ ግዛት ነው። ማለዳ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከቤት መውጣት ላለባቸው፣ ማታ ደክመው ለሚመለሱ ወላጆች የታሸገ ጭማቂ፣ ቺፕስና ጣፋጭ ኬክ ጊዜ ቆጣቢ መፍትሔ ሆነው ይታያሉ። በጥቅሉ ላይ የተሳለው ፍራፍሬም ጤናማ መስሎ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀን የኃይል ፍጆታ ውስጥ ከስኳር የሚገኘው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ መደበኛ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይይዛል፤ ይህም ከስምንት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። ለአንድ ትንሽ ልጅ ይህ ብቻውን የቀኑን ልክ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ የጭማቂ ፓኬትን ጀርባ አዙሮ ማንበብ ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ ግን ዘላቂ ውጤት ያለው ልማድ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ አሹቅ፣ በሶ፣ የስንዴ ዳቦና ሽሮ ከፋብሪካ መክሰስ ጋር ሲነጻጸሩ ፋይበርና የአትክልት ፕሮቲን የሚሰጡ፣ ዋጋቸውም የማይጎዳ ምግቦች ናቸው። ጤፍ በተፈጥሮው ብረትና ፋይበር ያለው እህል ነው። ፈተናው ልጁ እንጀራ ፍርፍር ይዞ ክፍል ሲገባ በእኩዮቹ ፊት እንዳያፍር ማድረጉ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የተለያዩ አገሮችን ምግብ የሚያስተዋውቅበት ቀን ካለው፣ የኢትዮጵያውያን ወላጆች ጠረጴዛ በዚያ እንዳይጠፋ መትጋት ለልጁ ክብርም ለጤናውም ይበጃል። ረመዳንንና ዐቢይ ጾምን የሚጾሙ ቤተሰቦች ልጆችም ስለ ሁኔታቸው ለመምህራቸው ቀደም ብሎ ቢነገርላቸው፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜና ከውኃ አወሳሰድ ጋር የሚነሱ ችግሮች ይቀንሳሉ።

እንቅስቃሴም ሊዘነጋ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴን ይመክራል። በበጋው ሙቀትና በጠባብ አፓርታማ ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም። ስለዚህ አየሩ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት መናፈሻዎችን መጠቀም፣ በሞቃታማው ወቅት ደግሞ ትምህርት ቤቱ የተሸፈነ የስፖርት ቦታውን ከሰዓት በኋላ ክፍት እንዲያደርግ መጠየቅ ወላጆች በጋራ ሊያነሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው።

ሁለት ምሳ ዕቃ የሚያዘጋጁ እጆች

ስለዚህ ርእስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ ወገን አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያት በየማለዳው የሌሎች ሰዎችን ልጆች ምሳ ዕቃ የሚያዘጋጁ ናቸው። ልጁ አትክልቱን በልቶ እንደተመለሰ ወይም ሳይነካው እንዳመጣው ቀድማ የምታየው እርሷ ናት። በጤናማ ምግብ አዘገጃጀትና በአለርጂ ጥንቃቄ ላይ አጭር ሥልጠና በአማርኛ ማግኘቷ ለአሠሪው ቤተሰብ ልጆች ጤና በቀጥታ ይጠቅማል፤ ለእርሷም የሙያ ክብር ይጨምራል። ለትምህርት ቤቶችና ለአሠሪዎች የሚዘጋጁ የጤና መልእክቶች ዓረብኛና እንግሊዝኛ ብቻ ሲሆኑ፣ መልእክቱ ምሳ ዕቃውን ከምትሞላው እጅ ሳይደርስ ይቀራል።

የእርሷ ልጅ ደግሞ በአብዛኛው በአገር ቤት ከአያት ወይም ከአክስት ጋር ነው። በየወሩ የሚላከው ሐዋላ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ ደብተሩንና ዩኒፎርሙን ይሸፍናል፤ በላዩ ላይ ለልጁ የኪስ ገንዘብ ይጨመርበታል። እናት በርቀት ላይ ሆና ልጇ እንዳይጎድልበት ማሰቧ ተፈጥሯዊ ነው። አያትም ልጁ እናቱን እየናፈቀ ሲከፋ፣ ከሱቅ ብስኩትና ለስላሳ ገዝታ ማባበሏ አይፈረድባትም። ነገር ግን ናፍቆትን በጣፋጭ ማካካስ ሲለመድ፣ በሰውነት መጫጫት ተጀምሮ በጥርስ መበስበስና በክብደት መጨመር የሚቀጥል ድርብ ጉዳት ያስከትላል። ጥቂት የማይባሉ አገሮች ዛሬ የክብደት ማነስንና የክብደት መብዛትን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያዩት በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ከአያት ጋር በስልክ ሲነጋገሩ «ገንዘቡ ደረሰሽ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ልጁ ምሳ ምን በላ? ትምህርት ቤት ውኃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የማይጠይቅ ክትትል ነው።

ከጥያቄ ወደ ተግባር

በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጋር የሚገናኙት ክፍያ ሲደርስ ወይም ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግድየለሽነት አይደለም። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ይጠራል፤ ደብዳቤው በማይገባቸው ቋንቋ ይጻፋል፤ አንዳንዱም ጥያቄ ማቅረብ ለልጁ ችግር ያመጣበት ይመስለዋል። ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ግለሰብ ብቻውን ከሚሞክር፣ ሦስት አራት ቤተሰቦች ተባብረው አንድ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተወካይ መምረጥ ይቀላቸዋል። ተወካዩ የካንቲኑን የምግብ ዝርዝር፣ የአለርጂ አሠራሩን፣ የመጠጥ ውኃውን ሁኔታና ነርስ መኖር አለመኖሩን ጠይቆ መልሱን በአማርኛ ለሌሎች ያደርሳል። ስብሰባ በዕረፍት ቀን ወይም በምሽት እንዲሆን መጠየቅም ከሥርዓት መውጣት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ከወላጅ ጋር መነጋገሩ የሥራው አካል ነውና።

በአገር ቤት ላለው ትምህርት ቤት የሚደረገው ድጋፍም ቅርጽ ቢይዝ ይጠቅማል። በማኅበር፣ በእድር ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጉባኤ የሚሰበሰብ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለሚታይ ነገር፣ ለቀለም ቅብ ወይም ለበር ማሠሪያ ይውላል። ከዚያ ይልቅ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ፣ ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤትና በወር አበባ ጊዜ ልጃገረዶች የሚጠቀሙበት ክፍል ቢሠራ፣ ከትምህርት የሚቀሩ ቀናት ይቀንሳሉ። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የትምህርት ቤቱ ወተመኅ ከእናቶችና ከተማሪዎች ጋር ተወያይቶ ቅድሚያ የሚሰጠውን እንዲለይ መጠየቅ፣ ከተላከ በኋላም ደረሰኝና ፎቶግራፍ መቀበል መተማመንን ያጠነክራል እንጂ አያበላሽም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ዙሪያ 466 ሚሊዮን ልጆች የትምህርት ቤት ምግብ እንዳገኙ የዓለም የምግብ ፕሮግራም አስታውቋል፤ በ2020 ቁጥሩ 388 ሚሊዮን ነበር። መንግሥታት ለዚህ በጀት መመደባቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ መንግሥት በምግብ ላይ ታክስ ሊጥል፣ ካንቲን ሊቆጣጠር፣ ሚሊዮኖችን ሊመግብ ቢችልም፣ የሳህኑን ይዘት በየቀኑ የሚያይ ዓይን ሊሆን አይችልም። ያ ዓይን የወላጅ፣ የአያት፣ የጎረቤትና የምታበስለው እናት ነው። አንዱ ልጅ በቂ እንዲበላ፣ ሌላው ከሚበዛበት እንዲጠበቅ የሚፈልግ ማኅበረሰብ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው በትምህርት ቤቱ በር አልፎ ገብቶ የመጠየቅ ድፍረትና የሚጠይቀውን የሚሰማ ሰው ነው። ደንብ ያወጡ ተቋማት ይህን ድፍረት በሚገባው ቋንቋ ቢቀበሉት፣ የደንባቸው ፍሬ ከአጥሩ አልፎ እስከ ቤት ይደርሳል።